አበባዬን ያደበዘዘው

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አመድ ነው። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

ሃይድራንጂያ የሚሉት አበባዬ ዳግም አብቧል፤ ያውም በኅዳር። ይህ ዝርያ በአምናው እንጨትም በዘንድሮው ቀንበጥም ላይ እንቡጥ ይይዛል ስል ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። የክረምቱን አበባ ገና ሲፈነዳ በረዶ አረገፈው፤ ቀለሙን በቅጡ ሳላየው ቀረ። ከሥር የወጡት ቀንበጦች ግን ይኸው እንደ ጥቅል ጎመን የገዘፈ አበባ ተሸክመዋል።

ደስታዬ ጎደሎ ነው። ሰማያዊ የነበረው አበባ ዘንድሮ ቡላ ሆነብኝ።

የደብረ ታቦር ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደርገውም እርሱ ነው። አመድ ከገባበት አፈሩ ይለወጣል፣ ቀለሙም ይበላሻል። ምራቴ እናኑ ደግሞ የምድጃዋን አመድ ለጌሾው ስትበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ጌሾው ከአበባው አጠገብ ነው። ጠየቅኋት። ለጌሾው እንጂ ለአበባው ቅንጣት አላደረግሁም አለች። አበባው ራሱ ይመሰክርብሻል አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ከእንግዲህ ከጌሾው ወዲህ እንዳታልፍ ነግሬያታለሁ።

ልጄ ደሳለኝ ጭነት ይዞ መተማ ነው። ቢኖር ለሚስቱ ያደላ ነበር፤ እንኳን አልኖረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ነገ የቀኝ ዓይኔ ሞራ ይወጣል። ነጠላዬ ታጥቧል። የሐኪሙ ወረቀት ተቀምጧል። የቀረው የአበባዬ መሸፈኛ ጆንያ ነበር፤ ውርጩ ደርሷል። ፕላስቲክ አልወድም፤ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያሳልፋል።

ባለሱቁ ሰይድ ጆንያውን እያጠፈ፣ «እትዬ፣ ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ እርስዎ ለአበባ ጋቢ ይሸምታሉ» አለኝ። ሰው እሳት ይሞቃል፣ አበባ የት ይሄዳል አልኩት።

ዓይኔ ከተሠራ በኋላ ጎንበስ ማለት ክልክል ነው። ታዲያ ማን ይሸፍነዋል? ከእናኑ ሌላ ሰው የለም። የእብናት ልጅ ናት፤ ቆላ ቀመስ አገር ያደገ ስለ ውርጭ ምን ያውቃል? ትናንት የከለከልኳትን ዛሬ ማዘዝ ከበደኝ፤ ቢሆንም አዘዝኳት። እሺ አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ ዓርብ ለሚካኤል እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አለች።

መቼ እንደምትመለስ ጠየቅኋት።

«እንጃ።»

የሕፃን ልጇን ልብስ ሁሉ አጥባ አስጥታለች። ለአንድ ቀን በዓል ያ ሁሉ ልብስ አያስፈልግም። ምራት «እንጃ» ብላ ከሄደች የምትመለሰው በሽማግሌ ነው።

እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀኝ ዓይኔ ታሽጓል። በግራው ነው የምጽፈው፤ መስመሬ ይጣመማል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ ቢያዩት እጄን በአለንጋ ይሉኝ ነበር።

አላመመኝም። ወስዳ ያመጣችኝ እናኑ ናት። ክንዴን ይዛ፣ ጉድጓዱን «እዚህ ጋ» እያለች፣ ከዚያ ሌላ ቃል ሳትተነፍስ።

ማታ ጀንበር ስትጠልቅ በር ላይ ቆሜ አበባውን አስሸፈንኳት። መሬት ድረስ አውርጂው አልኩ፤ አወረደችው። ጆንያው አበባውን እንዳይጫነው ብላ ዙሪያውን እንጨት ተከለች። ይህን አልነገርኳትም ነበር። ደግ አደረግሽ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፋሻው ተነሣ። መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። እንዲህ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቼ ኖሯል።

ከባጃጅ ወርጄ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እናኑ ጆንያውን ጠዋት ገልጣዋለች። ሰማያዊ! ልክ እንደ ድሮው። በአንድ ቀን አፈር አይለወጥም። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ጋረድኩ፤ ቡላ። ግራውን ጋረድኩ፤ ሰማያዊ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

እናኑ የበር መቃኑን ተደግፋ ታየኝ ነበር። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ጠራኋት። ነገር ማስረዘም አላውቅበትም።

«አመዱ አበባው ላይ አልነበረም፤ ዓይኔ ላይ ነበር። በሐሰት ከስሼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

መቃኑን ለቃ ቀረበችኝ። ኋላ፣ «የግራውንስ መቼ ነው የሚያስወጡት? እስከዚያ በየት በኩል እንደሚያዩኝ ልወቅ» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። እርሷ ግን አልሳቀችም። ጓዟም እንደታሰረ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

በማለዳ ሄደች፤ ሕፃኗን አዝላ። አትሂጂ አላልኳትም፤ በዓል ነው፣ እናቷ ናት። የጆንያውን ጎን ገለጥ አድርጌ ከሁሉ የሚያምረውን አበባ በረጅሙ ቆርጬ፣ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ለእናትሽ አልኳት። ይህን አበባ ለማንም ቆርጬ አላውቅም።

ጆንያውን ሳታነሣ ነው የሄደችው፤ ማታ የሚሸፍነው ስለሌለ እንዳለ ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፀሐይ ቢያጣ አይሞትም።

ቤቱ ጭር ብሏል። የዓይን ጠብታውን ራሴ ለማድረግ ሞክሬ ጉንጬ ላይ አፈሰስኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሣሩ ነጭ ለብሶ አደረ። የመጀመሪያው ውርጭ ነው። ጎንበስ ብዬ እንዳላየው ሐኪሙን ፈራሁ፤ ሳላየው እንዳልውል ልቤ አላስችለኝ አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እናኑ ናት፤ ከነሕፃኗ፣ ከነጓዟ። ሽማግሌ አልላክሁም። ሰላምታ እንኳ ሳታዳርስ ወደ ጓሮ አልፋ ጆንያውን ገለጠች። የላይኞቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ጠቁሯል፤ አበባው ደኅና ነው። የተቃጠለውን ልቁረጠው አለች። ውርጩ ሳያልፍ የተቃጠለ እንጨት አይቆረጥም፤ የሞተ የሚመስለው ሥር እንቡጥ አለ አልኳት።

ኋላ ጠብታዬን ስታደርግልኝ ነገሩን አወጣችው። እናቷ አበባውን አይታ፣ ይህን ያየ ጓሮ ያለ ቅርንጫፍ አይቀርም ብላለች፤ ለመትከያ ትፈልጋለች ማለት ነው።

እብናት ይሞቃል፤ ተክሉ ቀኑን ሙሉ ጥላ ይፈልጋል። አፈሩንም አላውቀውም። ሰማያዊ ይሁን ሌላ፣ መጽደቁም ያጠራጥራል። ያላበበውን ቀንበጥ መርጬ፣ ከአንጓው ዝቅ ብላ እንድትቆርጥ በጣቴ አሳየኋት። መቀሱን እርሷ ያዘች። ትንሽ አጥራ ቆረጠችው፤ ምንም አላልኩም።