የሆስፒታሉን መዝገብ ሠርተው አንዲት መስመር ሳያርሙ የቆዩት ወንድማችን

የበሽተኛውን ተራ ስላሳጠሩ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ተራ» እያሉ የሚጠሯቸው ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ካገለገሉት እናታችን ሰኔ 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። ቤት ውስጥ «አንተ» ስላቸው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ የክብር ቀናቸው ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የኮምፒውተሩን ነገር የሥራ ባልደረቦቻቸው ቁጭ ብለው አስረድተውኛል፤ የቀረው ግን ዐይኔ ያየው ነው። እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፣ ልጆቼ።

ወንድማችን የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሠፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው እናታችን ታመሙ። በዚያው አንሶላ በሚያጥቡበት ሆስፒታል ካርዳቸው ጠፋ ተብሎ ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ የተመረመሩትን ሁሉ እንደ አዲስ ተመረመሩ። ወንድማችን ያን ጊዜ የያዙት ቂም ነው ሥራ የሆናቸው። በ1967 ዓ.ም. ኮሌጅ ገብተው በ1971 ዓ.ም. በሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ወዲያው በሆስፒታሉ የስታቲስቲክስ ክፍል ተቀጠሩ።

በ1976 ዓ.ም. የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በ1978 ዓ.ም. ለኮምፒውተር ትምህርት ሁለት ዓመት ውጭ ተልከው ተመለሱ።

የዚያን ዘመን የካርድ ክፍል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መደርደሪያው ጣራ ይነካል፤ ካርድ አውጪዎቹ መሰላል ላይ ሆነው አቧራው ያስነጥሳቸዋል፤ በሽተኛው አግዳሚው ላይ ግማሽ ቀን ይውላል። ወንድማችን ከ1991 እስከ 1994 ዓ.ም. የሆስፒታሉን መዝገብ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ሥርዓት ሠሩ። ቢሮ ተቀምጠው አልነበረም። ተረኞቹ ነርሶች ሲቀያየሩ አጠገባቸው ቆመው ምን እንደሚጽፉ፣ ምን እንደሚዘሉ ያዩ ነበር። «ነርሷ የማትፈልገውን ብሠራላት ለራሴ ሠራሁ እንጂ ለእሷ አልሠራሁም» ይሉ ነበር። ሥራው በተጀመረበት ቀን የጠዋቱ ሰልፍ አራት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ገብታ «ዛሬ በሽተኛው ሁሉ ዳነ እንዴ?» አለች። ወንድማችን ይህቺን ንግግር ከሹመት አብልጠው ይወዷት ነበር።

ወንዱ ልጃቸው ትናንት ይህን ጽሑፍ አንብቦ «አክስቴ፣ እባክሽ እዚህ ላይ ይብቃ፤ በቀብር ላይ የአባቴ ገበና ይነበባል?» ብሎኛል። ልጄ፣ ያንተም ሐፍረት የእኔም ሐፍረት ነው። ግን አባትህ ቃል አስገብተውኝ ነው ያረፉት፤ የሙት አደራ ደግሞ አይበላም።

በሥርዓቱ ውስጥ አንድ ሰው አርፏል ተብሎ ከተመዘገበ መዝገቡ ይዘጋል። መልሶ የሚከፍተው መንገድ አልተሠራለትም። ወንድማችን «ከሞት የሚመለስ ማን አለ?» ሲሉ እኛም አብረን ስቀናል።

በጥቅምት 1999 ዓ.ም. አንድ ጸሐፊ የአንዲት ሟች ካርድ ቁጥር ሲያስገባ አንዲት አኃዝ ሳተ። ሞቱ የተጻፈው በአንዲት ፀጉር ሠሪ መዝገብ ላይ ሆነ። እኚህ ሴት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየወሩ ኢንሱሊናቸውን ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ይወስዳሉ። በቀጠሯቸው ቀን መስኮቱ ጋ ሲደርሱ መድኃኒት የሚያድለው ወጣት «እናቴ፣ ምን ላድርግሽ፤ እዚህ ላይ ሞተሻል ነው የሚለው» አላቸው። እሳቸውም «ከሞትኩማ ከንጋት ጀምሮ ለምን አሰለፋችሁኝ?» አሉት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። መድኃኒቱ ግን አልተሰጣቸውም።

ፋርማሲስቷ ሴትየዋን ታውቃቸዋለች። ለወንድማችን ስልክ ደወለች። ወንድማችንም «መዝገቡ አይሳሳትም፤ በሕይወት መኖሯን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዛ ትምጣ» ብለው ዘጉ። ይህን ራሳቸው ነው የነገሩኝ።

ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከባለል ሰነበተ። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ቤታችንን አጠያይቀው መጡ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። «እህቴ፣ የያዝኩት ለነገ አይበቃኝም፤ አንድ ቃል ብቻ ላናግረው» አሉኝ። እኔም «ደክሞት ተኝቷል፤ ሰኞ ቢሮው ሂጂ» ብዬ መለስኳቸው። ወንድሜ አልተኙም ነበር፤ ሳሎን ራዲዮ ይፈታታሉ። ባለጉዳይ ነገር ታበዛለች ብዬ ነው። ያችን በር እስካሁን ስዘጋ እጄ ይከብደኛል።

መድኃኒቱን ሳያገኙ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆናቸው። ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ሲገቡ፣ የቀድሞው መዝገብ የሟች ነውና አዲስ ካርድ ወጣላቸው፤ ሐኪሙም ምን እንደሚወስዱ፣ እግራቸው ላይ ከመቼ ጀምሮ ቁስል እንዳለ የሚያይበት አጣ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቆመው የሚሠሩ ሴት ነበሩ።

ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሥርዓቱ ለሌሎች ስድስት ሆስፒታሎች ሊሰጥ ሁለት ወር ቀርቶታል። «ታካሚዋ መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ በማቋረጣቸው» ተብሎ በመዝገባቸው ተጻፈ። ወንድማችንም ፈረሙ። ስለ ሥርዓቱ የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት ሳሎን ሰቅለን፣ ከሥሩ እንግዳ ስናስተናግድ ኖረናል።

እውነቱን ለመናገር ወንድማችን ፕሮግራሙን በዚያው ሳምንት አስተካክለዋል። ሞት ሁለት ሰው ሳይፈርምበት አይመዘገብም፤ በስህተት የተዘጋም ይከፈታል፤ በአካል የቆመ ሰው መድኃኒት አይከለከልም። በዚህ ብዙ ሰው ተጠቅሟል። ያቺን መስመር ግን አልነኳትም። መስመሯም በየሄዱበት ክፍል ሴትየዋን ትቀድማቸው ነበር። አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር አንብቦ ይቆጣቸዋል። ባላቸው ሳይቀሩ «በገዛ እጅሽ» ይሏቸው ነበር።

ወንድማችን በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመና እሳቸውም እዚያው አግዳሚ ላይ ተራ ጠባቂ ሆኑ። አንድ ቀን ከሐኪሙ ክፍል፣ ገርበብ ካለው በር፣ «እማማ፣ ያኔ ራስዎ አቋርጠው ነው እግርዎን ያጡት ይላል» የሚል ድምፅ ሰሙ። የሴትየዋንም መልስ ሰሙ፦ «ይበል፤ መዝገቡ ከእኔ ይበልጥ ይታመናል።»

ወንድማችን የዚያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩን፤ ባለቤታቸው አለቀሱ፣ እኔም የበሩን ነገር ያን ጊዜ አወጣሁ። በማግሥቱ እኔን አስከትለው ፀጉር ሠሪዋ ቤት ሄዱ። ሴትየዋም ወንበር ሰጡን፤ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ «እዚህ ጓዳ ውስጥ ብትነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? እኔ የተሰደብኩት በሰው ፊት ነው» አሉን።

ከዚያ በኋላ የቀራቸውን ጉልበት የጨረሱት ለሆስፒታሉ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። አስተዳደሩ «ያለፈ ነገር» እያለ ዓመት ከመንፈቅ አመላለሳቸው፤ ደብዳቤ አምጡ አላቸው። «ይህስ ይገባኛል» እያሉ አመጡ። ማረሚያው ባለፈው የካቲት ገባ። በሰው ፊት ለመናገር ግን ጤናቸው አልፈቀደም፤ ያንን ለእኔ አደራ ሰጥተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተዋል።

ፀጉር ሠሪዋ ልመናዬን አክብረው ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። እህቴ፣ ይቅር በይን ብለን በሬሳ ፊት አናስጨንቅሽም፤ ያ የራስሽ ጉዳይ ነው። በበር የመለስኩሽ እኔ ነኝ። ወንድሜ በመዝገብሽ ያስገቡትን ደግሞ እንዳለ አነበዋለሁ፤ እናንተም የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ፦

«የእኚህ ታካሚ መድኃኒት የተቋረጠው በመዝገቡ ስህተት ነው። እሳቸው አላቋረጡም፤ ለመውሰድ ደጋግመው መጥተዋል። ስህተቱን በጊዜው ሲነገረኝ አልሰማሁም፤ ካወቅሁ በኋላም በሐሰት ፈርሜአለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ፈጣሪ ሆይ፣ የወንድማችንን ነፍስ ከነሥራዋ ከነጥፋቷ ተቀብለህ ማራት። አሜን።