ስም የሚበላው ቴፕ

ነቀምት፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ውድ ደረሳ፣

አገኘነው! ስለ ጤናህ ሳልጠይቅ በመጀመሬ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ፤ ተቀየም። ጅማ ከመዛወርህ በፊት ገጣጥመህ ሬዲዮ ጣቢያችን ያስቀመጥከው፣ እንደ ልጅህ የምትመካበት ቴፕህ ምን ሲያደርገን እንደከረመ ካልነገርኩህ ልቤ ይፈነዳል። በሬዲዮ እንዳልነግርህ ደግሞ ከጊምቢ እስከ አንገር ጉቲን ያለው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል።

ታውቃለህ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሁላችንም የውይይት ክበብ ስንገባ ጣቢያውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ኮረብታው ላይ ባለው የድምፅ አቀባይ፣ በሪፒተሩ በኩል ሰው ሲናገር ብቻውን ተነስቶ ይቀዳል፣ ዝም ሲባል ይቆማል። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከክበብ ተመልሼ ካሴቱን ብጫነው የኃይለጊዮርጊስ ድምፅ ነው፤ ያ የእርዳታ መኪና ይዞ ከመጠለያ መጠለያ የሚዞረው ችኩል የሸዋ ሰው። «...ልጅ ናት። በሕይወት አለች፣ ጊምቢ መጠለያ ነች። እናቷ እስከ ፋሲካ ካልመጣች ወደ ሩቅ ማሳደጊያ ይወስዷታል» ብሎ ጠፋ። የማን ልጅ? ስሙ የለም! መልሰን ብንጠራው መኪናው ከተራሮቹ ጀርባ ገብቷል። ከዚያ ብቅ የሚለው ደግሞ ሐሙስ ብቻ ነው፣ ልክ እኛ ክበብ ስንገባ።

አንገር ጉቲን ከሰፈሩት የወሎ ሰዎች መሃል በጉዞው ላይ ሴት ልጅ የጠፋባቸው እናቶች ሁለት ናቸው፤ ሸዋርጋና ሐረግወይን። ወሬው ሲደርሳቸው የመንግሥት እርሻው ሾፌር ሸራ ስር ደብቆ አመጣቸውና የጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። የጊምቢ ኬላ ግን ያለ ይለፍ ወረቀት አያሳልፍም፤ ይለፍ የሚሰጠው ደግሞ ልጅቷ ለተገኘችላት እናት ብቻ ነው። የትኛዋ ናት? ከአንድ እንጀራ እየቆረሱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

በአንተ ቦታ የመጣው ታፋ ቴፑን ገነጣጠለው። ሽቦውን ቀየረ፣ በአልኮል ጠረገ፣ አዲስ ካሴት ከተተ። ከዚያ የእጅ ሬዲዮውን ይዞ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ድረስ ይወርድና ይሞክረዋል። «አካም ጂርታ፣ የሺ? ነጋ ጂርታ? ማቲን ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?» ከቤተሰቤ አልፎ የከብቶቼን ጤና ይጠይቀኛል፤ እኔ ከመቼ ወዲህ ነው ከብት ያለኝ! ሰላምታው ሲያልቅ መልእክት ይናገራል። መልሰን ስንሰማው ከመልእክቱ አንዲት ቃል አልጎደለችም። «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሰውየው ነው ስሙን የዘለለው» አለኝ። በሞከርን ቁጥር ይሠራል! አንተም ስትሞክረው እንዲሁ ነበር እኮ፤ ያንተማ ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ካሴት ይጨርስ ነበር።

ሸዋርጋ ታፋን ተከትላ ወርዳ ኖሮ ትዕግሥቷ አለቀ። ሬዲዮውን ከእጁ ነጥቃ «የሸዋርጋ ልጅ ናት ወይ? በሉልኝ!» ብላ ጮኸችበት። ካሴቱን መልሼ ጫንኩት። «...ልጅ ናት ወይ? በሉልኝ!» ይላል። የገዛ ስሟን በልቶባታል!

ደረሳ፣ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። የቆዩትን ካሴቶች አንድ በአንድ ሰማኋቸው፤ ሁሉም ከሰላምታው መሃል ነው የሚጀምሩት። «አካም ጂርታ» የሚል አንድም የለም። ማን ያስተውላል? እዚህ አገር ሰው ቁም ነገሩን የሚያወጣው ከብቱ ሁሉ ደህና ማደሩን አረጋግጦ ነው። ስለዚህ የሚበላው ሁልጊዜ ሰላምታ ነበር። ኃይለጊዮርጊስ ሆዬ ሰላምታ የሚባል አያውቅም፤ በስም ይጀምራል።

ታፋ እንደገና ሲከፍተው ሞተሩ የሚያዞረው ላስቲክ ላልቷል። ቴፑ እየተንፏቀቀ እስኪነሳ የመጀመሪያው ቃል ያመልጠዋል። «ያ ጎፍታ!» ብሎ ጌታውን እየተጣራ ራሱን ያዘ። እኔ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወዳለው ካሴት ሻጭ፣ ረዲ ጋ በረርኩ። ሱቁ በዘፈን ደምቋል። ነገሩን ስነግረው ዘፈኑን አጠፋ፣ የራሱን ቴፕ ፈትቶም ላስቲኩን አወጣልኝ። «ውሰጂው። ደንበኛ ለጥቂት ቀን ዘፈን በሌለበት ሱቅ ይግዛ» አለኝ። ሚስቱ አጠገቡ ባትቆም ኖሮ አገላብጬ እስመው ነበር!

ትናንት ሐሙስ፣ መቅረት አይቻልምና፣ ክበብ ገባን። ሊቀመንበሩ ያብራራል፣ እኔ እቁነጠነጣለሁ። ስንመለስ ካሴቱ ዞሯል። እናቶቹን ጠርቼ ጫንኩት።

«የሸዋርጋ ልጅ ናት! ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምጠራው፤ ሰው የለም እንዴ? ቀለሟ ትባላለች። በይ፣ አንቺ፣ ተናገሪ።» ከዚያ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማ፣ እኔ ነኝ። እማ፣ አለሽ?»

ሸዋርጋ ተንበርክካ ቴፑን በሁለት እጇ አቀፈችው። «አለሁ! አለሁ የኔ እናት፣ መጣሁልሽ! በልተሻል? ከማን ጋር ነው የምትተኚው?» ትለዋለች። ካሴት መሆኑን፣ ልጅቷ እንደማትሰማት ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ያቺ ልጇ ያልተገኘችላት ሐረግወይን ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያት። ትመልስላት» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ይለፉ ወጣ፣ ሸዋርጋም ሄደች። ደስታዬን ለማን ላካፍል ብዬ ሳስብ መጀመሪያ የመጣኸው አንተ ነህ። ናፍቀኸኛል፤ ይሄን በሬዲዮ አልደግመውም።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ሐረግወይን አሁንም በሩ ላይ ናት። ልጇ ጸሐይወርቅ ትባላለች፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። እኔ በዚህ በኩል በየቀኑ በሬዲዮ ስሟን እጠራለሁ፤ አንተም በዚያ በኩል ጥራልኝ።

ያንተዋ፣
የሺአረግ