ማሽኗ ስትጠፋ

የምሳሳልሽ እህቴ፣ እታለም፣

ጤናሽ እንዴት ከርሟል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማዬ እግር እብጠቱ ጎደለላት? አባባስ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚተኛው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። አንቺን መዋሸት ስለማልችልበት ግን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ።

አባባ «ልጄ ቢሮ ገባች» የሚልበት ሥራዬ ልብስ ማጠቢያ ቤት መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። ዲግሪዬን ይዤ የሰው አንሶላ እመዘግባለሁ። እዚያው ጓሮ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ባንድ አቋቁመናል፤ ሶልና ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ነው የምንጫወተው። ሾፌራችን ቤዝ ጊታር፣ ልብስ ተኳሿ ኪቦርድ ይጫወታሉ፤ ማሽኖቹን የሚጠግነው «ቆርቆሮ» ድራም ይመታል። ዘፋኟ እኔ ነኝ። አትሳቂ።

ቅዳሜ የአንድ አዳራሽ ባለቤት ይሰማናል። ከወደደን በየሳምንቱ መድረኩ የኛ ነው። ካልወደደን ሾፌሩም ተኳሿም «በቃን» ብለዋል፤ ባንዱ ያኔውኑ ይፈርሳል።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ ትናንት አዳራሹ ውስጥ አንድ ዘፈን ሞከርን። ቆርቆሮ እንደደነበረ በቅሎ ሸመጠጠ፣ ቤዙ ኋላ ቀረ፣ እኔ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ «ምነው ልጆች፣ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችን።

ነገሩ የገባን ስንመለስ ነው። አንድ እግሯ የላላ ትልቅ ማጠቢያ ማሽን አለችን፤ ስትሽከረከር ዱብ፣ ዱብ ትላለች። ለካ አምስት ወር ሙሉ ሁላችንም የተከተልነው እሷን ነው። ቆርቆሮ አንገቱን ደፍቶ «እግሯን ያላጠበቅኩት እኮ ስለምትመቸኝ ነው» አለ። ተኳሿ «ታዲያ አዝለሃት ሂዳ» አለችው። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከጉሮሯችን አልወረደም።

ዛሬ ማሽኗን አጥፍተን ጀመርን። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዘፈንኩ። ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ቃሉ ጠፍቶኝ ስቆም፣ ከወላጆች መሃል ተነስተሽ ብቻሽን ያጨበጨብሽልኝ ትዝ ይልሻል? ዓይኔን አንቺ ላይ ተክዬ ነበር የጨረስኩት። ዛሬ ሁለት ጊዜ ከተበላሸብን በኋላ ተኳሿ «ግድግዳውን ምን ታይዋለሽ? ወደኛ ዙሪ» አለችኝ። ዞርኩ። እኔ የቆርቆሮን እጅ አያለሁ፣ እሱ አፌን ያያል። አንድ ዘፈን ሳንበተን ጨረስን። ለቅዳሜ ግን አምስት ያስፈልጋል።

ለአባባ አትንገሪው። ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ እማዬን እግሯን እሺልኝ፤ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ንከሽልኝ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅሽ ሥራ ካልያዘ ደግሞ አጨብጭቢልኝ። ቀስ እያልሽ፤ እኔ ስፈራ እፈጥናለሁ።

ታናሽሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ ክፍል
ሐሙስ፣ ግንቦት 12 ቀን