ቁሚ የምትባለው በቅሎ

መጋቢት 3

ይፋዊ መግለጫ። የቤታችን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን፣ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው ከቆየ ስንጥቅ በኋላ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ወድቆ ተሰብሯል። ማንቆርቆሪያው ራሱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ነው። (እኔ ነኝ።)

የልጅ ልጄ ስብርባሪውን እየጠረገች፣ "አያቴ፣ አንተና ድመቷ ተባብራችሁ ቤቱን ጨረሳችሁት" አለችኝ።

"ድመቷን ተያት፣ እሷ እንኳ ይሉኝታ አላት።"

ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ፎቅ ስንወጣ አንድ ወሬ ጀመርኩላት። እኔ ከፊት፣ እሷ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ከኋላ። መሀል ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ዝም ስል፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለች።

ከኋላዬ...

እጄ የደረጃውን መደገፊያ ጨብጦ አልለቅም አለ። "ምን ሆንክ?" ስትለኝ "ጉልበቴ ነው" አልኳት። ጉልበቴ ምን በወጣው?

መጋቢት 4

ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ። እኔ ጎበጥኩ፣ ያ ከኋላዬ "ከዚያስ?" የሚል ድምፅ ግን አሁንም ጎረምሳ ነው።

ቃሬዛ ሲሸከሙ የፊተኛው መንገዱን ያያል፣ የኋለኛው ቁስለኛውን። እኔ ሁልጊዜ ከፊት ነበርኩ፣ ጓዴ ከኋላ። "ኋላዬ" እለዋለሁ፣ እሱም "ፊቴ" ይለኛል፣ እስከ ዛሬ። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሜ የአንዱንም ፊት በቅጡ አላየሁም። ድምፅና ክብደት ብቻ።

የሥራ ክፍፍል ነበረን። ቁስለኛው እንዳያንቀላፋ እኔ ሳልዞር ቀልድ አወራለሁ። ኋላዬ ውጤቱን ያሳውቀኛል። "ሳቀ።" ወይም ደግሞ፣ "አፍህን ዝጋ፣ አሞታል።"

ያ ጎረምሳ ቁስለኛ... የበቅሎዋን ቀልድ ነበር የነገርኩት። ሰውዬው በቅሎ ሊገዛ ሄደ። ስሟ ማን ነው? ቁሚ። "ቁሚ እየተባለች እንዴት ነው የምትሄደው?" ሻጩ፣ "ቀላል ነው፣ የሚስቴን ስም እጠራለሁ" አለው። እዚህ ላይ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጣኝና ዝም አልኩ። ከኋላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ከዚያስ?" አለኝ። እኔም ጨረስኩለት፦ "ሚስቴ የመጣች መስሏት ትፈረጥጣለች። ችግሩ፣ እኔም አብሬ ነው የምሮጠው!"

"ሳቀ" አለ ኋላዬ።

የሕክምናው ድንኳን ጋ ስንደርስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ነካው። "ይሄ እኮ ከቀዘቀዘ ቆይቷል" አለ።

ታዲያ ማን ነው የሳቀው?

መጋቢት 9

ኋላዬን ልጠይቀው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ሳንባው ተዳክሟል። ሴት ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ የዱቄት ጆንያ እንደ ትራስ የምታነሳ። "አባባ፣ እባክዎ አያስቁት፣ ያስለዋል" ብላኝ ወደ ሥራዋ ወጣች። የከለከለችኝን ነው መጀመሪያ ያደረግኩት።

ከዚያ ወደ ነገሬ ገባሁ።

"ያ ጎረምሳ... የበቅሎዋ። እውነት ሳቀ?"

"ሳቀ አልኩህ እኮ።"

"ጥርሱ ታየህ?"

"የጥርስ ሐኪም ነበርኩ እንዴ?"

"አትቀልድብኝ።"

"ይሄን የምትለኝ አንተ ነህ?" ብሎ ሳቀ፣ ሳሉም ያዘው። ሲለቀው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ "ዳገቱ ገና ነበር፣ ፊቴ። ብትዞር ቃሬዛው ያጋድል ነበር" አለኝ።

ይሄ አሁን መልስ ነው? በሚቀጥለው አልለቀውም። ሳይነግረኝማ የትም አይሄድ።

መጋቢት 10

ማንቆርቆሪያው በሳህን ተከድኖ ሥራውን ቀጥሏል። እኔም እንደዚያው።

መጋቢት 14

ጠዋት የኋላዬ ሴት ልጅ ደወለች። "አባዬ ትንፋሽ አጠረው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ አምቡላንሱም እስካሁን አልመጣም።" ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ነጂው "እኔ ወገቤን ያመኛል" ብሎ በሩን ከፍቶ ታች ጠበቀን። ጀግና!

ልብስ የምታሰጣባቸውን ሁለት አጣናዎች አወረድኩ፣ ብርድ ልብሱን አጠፍኩባቸው። ቃሬዛ። አእምሮዬ ስንቱን ረስቶ እጄ አልረሳም።

ደረጃ ሲወረድ ሸክሙ የሚጫነው ከታች ያለውን ነው፣ ጉልበቱም ያለው እሷ ጋ ነው። እሷ ከፊት ሆነች፣ እኔ ከራስጌ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ!

ኋላዬ ሽቅብ አየኝና፣ "ፊቴ... ቦታህን ሳትክ" አለኝ።

"አንተም ስተሃል። ተኛ።"

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የበቅሎዋን ጀመርኩለት። ልጅቱ ከፊት ሆና፣ "ኧረ አባባ! ይቺ በቅሎ ዛሬም አልሞተችም?" አለች። አባቷ ሲተርከው ነው ያደገችው። "ስሟ ማን ነው?" አልኩት። ከንፈሩን አነቃነቀ።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ጮክ ብዬ "ቁሚ!" አልኩ።

ልጅቱ ሳቀች፣ መውረዷን አላቆመችም። "አባዬስ ሳቀ?" ብላ ልትዞር ስትል፣ "አትዙሪ፣ ያጋድላል!" አልኳት። "ሳቀ።"

ሳቀ።

"ከዚያስ?" አለች።

ታች እስክንደርስ ጨረስኩላት። ሆስፒታል ስንገባ "አርፏል" አሉን።

መጋቢት 16

መዳፌ ተላጧል። የልጅ ልጄ ቅባት እየቀባችኝ፣ "በዚህ ዕድሜህ?" አለች። "ዕድሜው አይደለም የላጠኝ፣ አጣናው ነው" አልኳት። አልሳቀችም።

መጋቢት 21

ሴት ልጁ ሊያጽናናት ለመጣው ሁሉ፣ "አባዬ እየሳቀ ነው የሄደው" ትላለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ራሴን እነቀንቃለሁ። "በምን ሳቀ?" ይሉኛል። የበቅሎዋን አወራለሁ። ይስቃሉ። እሷም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ትስቃለች፣ ዛሬ ከሥራዋ የመጣችው እጇ ሁሉ ዱቄት እንደሆነ ነበር። ታዲያ ምን ልበላት?

ማታ ደረጃው ሥር ስንደርስ የልጅ ልጄን ከፊት አስቀደምኳት። "ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?" አለችኝ። "ስትወድቂ ልይሽ ብዬ ነዋ!" እየሳቀች ወጣች። እየሳቀች መሆኗን ግን ከኋላዋ ሆኜ በምን አወቅኩ? በትከሻዋ።

ኋላዬን የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። አሁን ተወው። ያቺ "ሳቀ" የምትል ቃል እንዴት እንደምትወጣ አይቻለሁ... ሳያስቡ ነው። ሰው ከፊት ሆኖ ሲጠብቅ፣ ደረጃው ገና ሲሆን።

አንዲት እርማት ላድርግ፤ መግለጫ አይደለም፣ ለራሴ ነው። መጋቢት 14 ላይ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱ የፈጠራ ነው። ደረጃው እውነት ነው፣ አጣናው እውነት ነው፣ ወገቡን የሚያመው ነጂም እውነት ነው። "ቁሚ" ማለቴም እውነት ነው፣ ግን በቅሎዋን አልነበረም፤ ልጅቱን ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ ቀርቶ ነበር።

አልሳቀም።