የንብ ሰሙ ምርምርና ያልተፈጸመው እርቅ፦ የመምህር ክንፈሚካኤል እጅጉ የሕይወት ታሪክ

መምህር ክንፈሚካኤል ከንብ አናቢው አባታቸው ከአቶ እጅጉ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ በላይ በ1955 ዓ.ም. ቡሬ አጠገብ ተወለዱ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ተምረው፣ በኬሚስትሪ ተመርቀው መምህር ሆኑ። በ1981 ዓ.ም. ወይዘሮ እህተ ማርያም ደስታን አግብተው ምስክርንና ፋናን አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በንብ ሰም ውስጥ የሚገኙትን፣ ፋቲ አልኮል የተባሉትን ቅባታማ ውሕዶች አጠኑ። በሕዋስ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውል አለ፤ ሥራው ሲያበቃ የሚሰብረው ኢንዛይም ነው። መምህር ክንፈሚካኤል ከሰም ያወጡት አልኮል ይህን ኢንዛይም ሲያዳክም አዩ። ሁለት ዓመት የደከሙበትን ውጤት ግን አማካሪያቸው ዶክተር ጌታሁን በ1991 ዓ.ም. በራሳቸው ስም ብቻ አሳተሙት። አቤት ሲሏቸው ዶክተሩ «አንተ ሰም ብቻ ነው ያቀለጥከው» አሏቸው።

በ1995 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም የመቅለጫ ሙቀትን ሲያስተምሩ፣ ከጥናቱ የተረፈውን ሰምና የአባታቸውን ቀፎ ሰም ጎን ለጎን አሞቁ። የጥናቱ ሰም ቀድሞ ቀለጠ። ለጥናቱ ብለው ከጅጋ ገበያ የገዙት ሰም ሞራ ተቀላቅሎበት ኖሯል። በወዳጃቸው ላቦራቶሪ ደግመው ሲፈትሹም ኢንዛይሙን ያዳከመው ከሞራው የወጣው አሲድ እንጂ አልኮሉ አልነበረም። የንብ አናቢ ልጅ ሆነው ሰም አለመለየታቸው አንገታቸውን አስደፋቸው። ሆኖም ዝም አሉ። ዶክተሩ በዚያ ጽሑፍ ሲሾሙና ሲሸለሙ ስምንት ዓመት ጠበቁ። ቤተሰቡ ይህን አይሸሽግም።

በ2003 ዓ.ም. ዶክተሩ በባሕር ዳር ጉባኤ ላይ ስለዚሁ ግኝት ሲናገሩ፣ መምህር ክንፈሚካኤል ተነሥተው ሁለቱን ሰሞች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ግኝቱ ሞራ ከተቀላቀለበት ሰም የመጣ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱን የሠሩትም ራሳቸው መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ዶክተሩ ደንግጠው «እኔ ምን አደረግሁ? ሥራው ያንተ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። መምህር ይህችን ቃል ለመስማት ነበር ስማቸውን የሰዉት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ዶክተሩ ሽማግሌ ላኩ። መምህርም «ያሳተሙት በጽሑፍ ነው፤ ይቅርታውንም ጽፈው ያሳትሙት» ብለው መለሷቸው። ጽሑፉ አልመጣም።

ሰኔ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከእናታቸው ተለዩ። ዶክተር ጌታሁን አፈር እንዳያለብሷቸው መምህር ተናዝዘዋል፤ ከለቀስተኛው መካከል ካሉ ከመቃብሩ ራቅ ይበሉልን።

አምላክ የመምህራችንን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እርሳቸው ያልማሩትን እኛም አንምርም።