ጎማው ወይስ ፋይበሩ

ኅዳር 6፣ ሐሙስ
ከቢሮ ስወጣ ልጄን ሀሴትን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ልብስ አጠብኩ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ከእራት በፊት ግን ባለቤቴ ገመቹ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለት ጀልባ አሳየኝ። አንዱ የፋይበር፣ ጠበብ ያለ፣ ፈጣን። ሌላው የሚነፋ የጎማ፣ ተጣጥፎ መኪና ኋላ የሚገባ። የሚሸጡት ሐዋሳ ነው።
"አንዱን ገዝተን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን ዓሣ እናጠምዳለን።"
አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ያደገው ዝዋይ ዳር ነው፤ መንጠቆ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ የደጋው የቡሌ ልጅ... ዋና የማልችል። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ኅዳር 7
ሥራ ላይ ሆኜ ሳስብ ዋልኩ። ጎማው ቢተነፍስስ? እሾህ ቢያገኘውስ? ፋይበሩ ይሻላል። ጠንካራ ነው... ጠንካራ ነገር አይሰምጥም እንዴ?

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ
ከዲላ ሐዋሳ ሄድን። ሻጩ ሲላስ "የቱን ትሞክራላችሁ?" ሲል ፋይበሩን ያልኩት እኔ ነኝ። ሁላችንም መንሳፈፊያ ጃኬት ለበስን። ሐይቁ መሀል ላይ ሲላስ ሞተሩን አጠፋ። የሀሴት መንጠቆ ተጎተተ። ደስ ብሏት ብድግ አለች። ጀልባው አጋደለ። ገመቹ ሊይዛት ወደ እሷ ሲወረወር ባሰበት... ወደቀች።
ሲላስ "እህቴ፣ ወደዚያኛው ጎን!" አለኝ። ተወርውሬ ጠርዙን ያዝኩ። ዞሬ ማየት ፈራሁ። ሳል ሰማሁ። የልጄ ሳል። ጃኬቱ አንሳፍፏት ነበር፤ ገመቹ ጎትቶ አወጣት።
ሀሴትን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዲላ ገባን።

ኅዳር 9
ሀሴት ደህና ናት። "ዓሣው ትልቅ ነበር" ትላለች። ገመቹ የጀልባዎቹን ፎቶ ከስልኩ አጥፍቷል።
"ይቅር፣ ተይው።"
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ኅዳር 13
ገመቹ እንደ በፊቱ ሆነ። ይገባል፣ ይበላል፣ ግድግዳ ያያል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ለሲላስ ደወልኩ።
"ጎማው ቢተነፍስስ?"
"አየሩ በየክፍሉ ነው። አንዱ ቢተነፍስ ሌሎቹ ይይዙታል። ሰፊም ስለሆነ በቀላሉ አያጋድልም።"
"ልጅ ብትቆምበትስ?"
"መቆም የለባትም እህቴ። የትኛውም ጀልባ ላይ።"
ማታ ለገመቹ ነገርኩት፤ በጎማው እንሂድ አልኩት።
"አንቺ ነሽ እንሂድ የምትይኝ?"
"እኔ ነኝ። እፈራለሁ። ግን እንሂድ።"
"ከእጄ ነው ያመለጠችው፣ ኤልቢ..."
አለቀሰ። አባቱን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም ነበር። አቀፍኩት።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ
ሐዋሳ ሄደን ከሲላስ ጎማውን ወሰድን። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ተንበርክኬ ነው የገባሁት። ሀሴት ተከተለችኝ። ገመቹ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። እጄን ዘረጋሁለት። ቆየ... ከዚያ ያዘው።
ከዳር ብዙ አልራቅንም። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ያዝን፤ አንዱ ሚጢጢ ነበር፣ መለስነው። የጀልባውን የጎን ገመድ አጥብቄ ከመያዜ ብዛት መዳፌ ቀልቷል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የሚለቀኝም አይመስለኝም።
ስንመለስ፣ የይርጋለምን መገንጠያ እንዳለፍን፣ ገመቹ ስለ አባቱ ማውራት ጀመረ። ዲላ ደርሰን መኪናውን አቁሞም ያወራ ነበር። አልወረድንም።