ቁጥሩን ሳያዩ የማይሸጡት እትዬ ሻንሲ

እዚህ ከቆማችሁት ባለመኪናዎች መካከል፣ እትዬ ሻንሲ «መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን!» ብለው ባዶ እጁን ያልመለሱት ማን አለ? ከሌለ፣ ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማድመጥ የሁላችንም ግዴታ ነው።

እትዬ ሻንሲ ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ዝናብ ከደጅ ይልቅ ሳሎን ውስጥ በሚበረታበት ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ስለነበሩ «እትዬ» የሚለው ስም ከታናናሾቻቸው አፍ ወጥቶ የገበያው ሁሉ ሆነ። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርሱ የጃፓን መኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ሱቅ በገንዘብ ተቀባይነት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ልባቸው ከመሳቢያው ወደ መደርደሪያው ሸፈተ።

በዚያ ዘመን ሰው አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ «ይህንኑ ስጡኝ» ይል ነበር። ነገር ግን በቀለም እንኳ የማይለዩ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪኖች ወራቸው ከተለያየ የፊት ጎማቸው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይመሳሰል ይችላል። ስለዚህ እትዬ በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተመታውን የመኪናውን መለያ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ሳያዩ ብሎን እንኳ አይሸጡም ነበር፤ «ሻንሲ» የተባሉትም ለዚሁ ነው። «ዓመቱን ነገርኩዎ እኮ!» ብሎ ለሚቆጣ፣ «እኔና ጎረቤቴም እኩያ ነን፤ ታዲያ ጥርሴ ለእሷ ይገጥማል?» ይሉት ነበር።

ባለቤታቸውም የመኪና ኤሌክትሪሻን ሳሉ የዲናሞ ካርቦን ሊገዙ መጥተው፣ ለቁጥሩ ሲመላለሱ ልባቸውን እዚያው ጥለው ቀሩ። «ስታገባኝም የሻንሲ ቁጥሬን አይታ ነው» እያሉ ሲያስቁን ኖረዋል። ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

አሁን ደግሞ ወደሚያንገበግበው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ታክሲ የፊት ጎማ ወልቆ ሾፌሩ እግሩን ተሰበረ። ኩሽኔታውን የገጠመው ባለጋራዥ «እትዬ ናቸው የተሳሳተ የሸጡልኝ» ብሎ ገበያውን አዳረሰ። ሰውም አመነ! ዕድሜያቸውን ቁጥር ሲያጣሩ የኖሩ ሴት በአንድ ጀምበር «ዓይናቸው ደክሟል» ተባሉ። እትዬ ግን የተሰባበረችው ታክሲ ወደቆመችበት ግቢ ሄደው ኮፈኗን አስከፈቱ። ቁጥሩ ካለበት ግድግዳ ወዲህ ያለው የፊቷ ክፍል ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ነበር። ቁጥሩ የአንዷ፣ የፊት እግሮቿ የሌላዋ! እትዬ የሸጡት ለቁጥሩ ልክ ነበር። በያጁ ራሱ ባለጋራዡ ነው፤ አልገባ ያለውን ኩሽኔታም በመዶሻ አስገድዶ አስገብቶታል።

እትዬ ባለጋራዡን ጠርተው «በል፣ አንተው ለገበያው ተናገር» ሲሉት መካድ አልቻለም። «እሺ እትዬ፣ ነገ» አለ። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ። ልጆቻቸው እንክሰስ ሲሉ ግን «ተዉት፤ እውነት በሌላ ሰው አፍ አትገጥምም፣ ራሱ ይናገራት» ብለው ከለከሉ። ደንበኛ ሲቀንስባቸው፣ ወጪ ወራጁ ሲያማቸው፣ በዚህ ቃላቸው ጸኑ።

እትዬ ሻንሲ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ለደከመች ነፍሳቸው ሐሜት የማይደርስበትን ማረፊያ ይስጥልን።

ጌታው ባለጋራዥ፣ ለቀብሩ እንደመጡ ሰምተናል። እንግዲያው እትዬ አፈር ሳይለብሱ፣ ሕዝቡም ሳይበተን፣ ወደ ፊት ይውጡና ጮክ ብለው ይመልሱ፦ ያቺን መኪና ማን በየዳት?